ቁጥር ይዞ አዳራሹን መሻገር

ሰው ቀኑን ሙሉ ጆሮው ሥር የሚነበነብ ንግግርን ይለምደዋል ወይስ አይለምደውም? ለጊዜው መልስ የለንም። የውኃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤቱ ግን ጉዳዩን እንደዋዛ አላለፈውም። ጥያቄውን የምታጠና ባለሙያ ቀጠረ፤ ወንበር ሰጣት፤ ድካም እንዳይበዛባትም መልሱን አስቀድሞ ነገራት። መልሱ «ይለምደዋል» ነው። የእሷ ድርሻ ማረጋገጥ ብቻ ነበር።

ባለሙያዋን የሰፈር ሰው «ዶክተሯ» ይላታል። ባሕር ማዶ ሄዳ ዓመታት የተማረችው ስለ ማስታወስ ነው፤ ሰው አንድ ነገር ሰምቶ እስኪናገረው ድረስ ባለችው አጭር ጊዜ በምን እንደሚይዘው፣ በምንስ ምክንያት እንደሚጥለው። ጎረቤቶቿ ግን ዶክተር ያው ዶክተር ነው ብለው ጉልበታቸውን ገልጠው ያሳዩዋታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ታስረዳ ነበር። አሁን ሰልችቷት ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ነካ ነካ ታደርግና «ደረጃ አታብዙ» ትላለች። እስካሁን በዚህ ምክር የተጎዳ ሰው የለም።

ምክሩን መቀበል ያልቻለችው አክስቷ ብቻ ናት። አክስት ዶክተሯን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደገች፣ ዛሬም አብራት የምትኖር፣ ጉልበቷ እያበጠ የሚያስቸግራት፣ ለሳቅ ግን የማትቸገር ሴት ናት። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውኃቸው ከተዘጋ ከርሟል። የተዘጋው በስህተት ነው፤ ሊዘጋ የታሰበው የሌላ ሰው ቤት እንደነበር ጽሕፈት ቤቱም አይክድም። አክስት በስህተት የተዘጋውን ያው በስህተት አትከፍቱትም ወይ ብላ ብትጠይቅ፣ መዝጋት ድንገት ሊያጋጥም እንደሚችል፣ መክፈት ግን ሥርዓት እንዳለው በትሕትና ተነገራት። ግቢው ውስጥ ያለው የጋራ ቧንቧ ደግሞ የሚፈሰው ዶክተሯ ሥራ ላይ ባለችበት ሰዓት ነው። ስለዚህ አክስት ጀሪካኗን ይዛ ትወርዳለች፤ ሞልታ ትወጣለች፤ በየፎቁ ቁጭ ብላ ታርፋለች። በማስታወስ ሳይንስ ማዕረግ የጫነችው ልጅ ጠዋት ጠዋት በኩባያ ትታጠባለች።

ስለ ሥርዓቱ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ጽሕፈት ቤቱ ወረቀት አልባ ሆኗል። ወረቀቱ በጭብጨባ ተሸኝቶ ወጥቷል፤ ይተካዋል የተባለው ኮምፒውተር ግን ገና መንገድ ላይ ነው። በመሀሉ ሥራ እንዳይቆም «መረጃ በአእምሮ ይያዛል» የሚል አቅጣጫ ተቀመጠ። ውኃ የተዘጋበት ደንበኛ በመጀመሪያው መስኮት ይቀርባል። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት የዕለቱን የማስከፈቻ ቁጥር፣ ስድስት አኃዝ፣ አንዴ ብቻ ትነግረዋለች፤ ያንኑ ቁጥር ለመጨረሻው መስኮት በመሥሪያ ቤቱ ስልክ ታስተላልፋለች። ደንበኛው ረጅሙን አዳራሽ አቋርጦ ቁጥሩን በመጨረሻው መስኮት ይናገራል። ከገጠመ ውኃው ይከፈትለታል። ለደኅንነት ሲባል ቁጥሩ በየቀኑ ይለወጣል። ለደኅንነት ሲባል መጻፍ ክልክል ነው። ለደኅንነት ሲባል ማንም ሰው፣ ሥራ አስኪያጁም ሳይቀሩ፣ የእጅ ስልኩን በር ላይ ባለው ቅርጫት ውስጥ አስቀምጦ ይገባል። መዳፋቸው ላይ የሚጽፉ ብልጦች ስለተገኙም በሩ ላይ ባልዲና ስፖንጅ የያዘ ጥበቃ ቆሟል። የሚገባውን ሰው ሁሉ መዳፍ እያገላበጠ ያጥባል። ስሙን የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም፤ ሁሉም «ስፖንጅ» ነው የሚለው።

ይህ ሁሉ በቀለለ ነበር፤ ንግግሩ ባይኖር።

ሥራ አስኪያጁ ንግግር አላቸው። አንድ ቀን ተቀርጾ ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ ከበር መክፈቻ እስከ በር መዝጊያ ይፈስሳል፤ በዚያ መሥሪያ ቤት ሳይቋረጥ የሚፈስሰው እሱ ብቻ ነው። «ውድ ደንበኞቻችን፣ አገልግሎታችን በአሥራ ሰባት ምሰሶዎች ላይ ቆሟል። ምሰሶ አንድ፣ ቅንነት። ምሰሶ ሁለት፣ የቅንነት ክትትል። ምሰሶ ሦስት፣ የክትትሉ ግምገማ።» እንዲህ እያለ አሥራ ሰባት ይደርስና ትንፋሽ ሳይወስድ ወደ አንድ ይመለሳል።

ደንበኞቹ ከመጀመሪያው መስኮት ሲነሱ ሞልቶ ሊፈስ የደረሰ ሲኒ እንደያዘ ሰው ነው የሚራመዱት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዓይናቸው መሬት ያያል። አዳራሹ መሀል ሲደርሱ ከፊታቸው ላይ አንድ ነገር ይጠፋል። መጨረሻው መስኮት ደርሰው «አራት፣ ዘጠኝ፣ ክትትል» ያሉ አሉ። አንድ ሰውዬ ስድስቱንም አኃዝ ሳያዛንፍ ይዞ ደርሶ፣ ጨዋ ሰው ስለሆነ መጀመሪያ «ደህና ዋልክ?» አለ። ከዚያ በኋላ አእምሮው ውስጥ የቀረው የገዛ ስሙ ብቻ ነበር።

የመጨረሻው መስኮት ሠራተኛ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሠራው። ደንበኛው ይናገራል፤ እሱ ጥቂት ያስባል፤ «አይገጥምም» ይላል። ቅር ያለው ወደ ቅሬታ መስኮት የመሄድ ሙሉ መብት አለው። ቅሬታው ተቀባይነት የሚያገኘው ግን አልገጠመም የተባለውን ቁጥር በትክክል ከጠቀሰ ነው። ከዚህ የተነሳ አዲሱ አሠራር ከተጀመረ ወዲህ አንድም ቅሬታ አልቀረበም። ይህ ስብሰባ በተደረገ ቁጥር በኩራት የሚነሳ ውጤት ነው።

ዶክተሯ ጥናቷን በሥርዓቱ ነበር የጀመረችው። ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ጸጥታ ባለበት፣ ቁጥር ሰጥታ መልሳ ጠየቀቻቸው፤ አንዳቸውም አልሳቱም። ያንኑ አዳራሽ ውስጥ ደገመችው፤ ቁጥሩ እንደተደፋ አተር ተበተነ። ድምፁን ዝቅ አስደርጋ ሞከረች፤ ያው ነው። ሲለምዱት ይሻላቸው ይሆናል ብላ ሳምንታት ጠብቃ ደገመችላቸው፤ ያው ነው። የገረማት ግን ሌላ ነበር። ስትጠይቃቸው ሁሉም «ኧረ እኔ ለምጄዋለሁ፣ አልሰማውም እኮ» ይሏታል። ይህን ብለው ሳይጨርሱ ቁጥሩን ይገለብጡታል።

በስብሰባ ላይ ይህንኑ አቀረበች። በተለይ የሚጠፋው ቁጥሩ ሳይሆን ተራው እንደሆነ አስረዳች፤ ሰው ስድስቱንም አኃዝ ቢይዝ እንኳ ማን ከማን እንደሚቀድም ያጣዋል። ሥራ አስኪያጁ በጥሞና ሰሙ። ጥሞና ከሚወዷቸው ምሰሶዎች አንዱ ነው።

«እንግዲህ ከጥናቱ የምንረዳው» አሉ፣ «አልለመዱትም ሳይሆን ገና አልለመዱትም ማለት ነው። ክፍተቱ የመጠን ነው።»

በዚያው ሳምንት ለደረጃው፣ ለኮሪደሩና ለመጸዳጃ ቤቱ ተጨማሪ ድምፅ ማጉያ ተገዛ። አንዳንድ ደንበኞች ምሰሶ አሥራ አንድን ጨርሶ ከመውጣት በቀር አማራጭ እንዳልነበራቸው ይናገራሉ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ዶክተሯ ሳታስበው የማይነካ ነገር ነካች። ንግግሩ የሚረብሸው ድምፁ ከቃል ወደ ቃል ስለሚለዋወጥ እንጂ በመልእክቱ እንዳልሆነ፣ ሰሚው በማያውቀው ቋንቋ ቢነገርም ያው እንደሆነ ገለጸች። 

«ይቅርታ ዶክተር» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ «የእኔ ንግግር ትርጉም ለውጥ አያመጣም ነው የሚሉት?»

«በዚህ ረገድ አያመጣም።»

«አሥራ ሰባቱም?»

«አሥራ ሰባቱም፣ ጌታዬ።»

ሥራ አስኪያጁ ቂም የሚይዙ ሰው አይደሉም፤ ማስረጃ ነው የሚይዙት። ንግግሩ ከኋላ ወደ ፊት ተገልብጦ እንዲለቀቅ አዘዙ። ትርጉም ሲጠፋ አዳራሹ ምን ያህል እንደሚራቆት ሁሉም ያያል፤ ሠራተኛው ያጉረመርማል፣ ደንበኛው ይጠይቃል። ንግግሩ ተገለበጠ። ከጣሪያው ጉሮሮው የታነቀ ሰው የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ መጣ። ማንም ቀና አላለም። ሠራተኞቹ በንግግሩ ውስጥ ለማጨብጨብ የተለመደች ቦታ አለቻቸው፤ ሰዓቷን ጠብቀው እንደወትሮው አጨበጨቡ፣ ጭብጨባው ግን በተገለበጠው ንግግር ሥራ አስኪያጁ ያሳሉበት ቦታ ላይ ዋለ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ቢሯቸው ድረስ ሄዳ ሰሞኑን ንግግራቸው ጥልቀት እንደጨመረ ነገረቻቸው።

ሥራ አስኪያጁን ጥቂት ቀን ምግብ አልበላ አላቸው። ከዚያ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን አዩት፤ ሠራተኛው ንግግሩን ተገልብጦ እንኳ ለምዶታል ማለት ነው። ይህም በውጤትነት ተመዘገበ፤ ማለትም አንድ ሰው እንዲያስታውሰው ተደረገ።

ንግግሩ ወደ ቀድሞው ተቃንቶ ከተመለሰ በኋላ የመጣው የመላመድ ሥልጠና ነው። ቁጥሩ ያልገጠመለት ደንበኛ ምድር ቤት ወርዶ ንግግሩን ተቀምጦ ያዳምጣል። ሲጨርስ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ወረቀት ስለሌለ ግን አሠልጣኙ ጠጋ ብሎ «ሠልጥነሃል» ይለዋል። አሠልጣኞቹ ትከሻቸው ሰፋፊ፣ እጃቸው ሻካራ፣ ንግግር ብዙም የማይሆንላቸው ሰዎች ነበሩ። ዶክተሯ ከየት እንደመጡ አልጠየቀችም፤ መጠየቅ ነበረባት። አክስት ይህን ሥልጠና ደጋግማ ወስዳ በዚያ መሥሪያ ቤት ከእሷ በላይ የሠለጠነ ሰው ጠፋ። ቤት ስትገባ «ዛሬም ሠልጥኜ መጣሁ» ትልና ጀሪካኗን ታነሳለች።

ዶክተሯ አዳራሹን ለአክስቷ ልትሻገርላት አትችልም፤ ሠራተኛ ለዘመዱ ጉዳይ እንዳያስፈጽም በቃል ምላለች። አንድ ምሽት ግን እራት ላይ አክስት ዳቦዋን አስቀምጣ ጠየቀቻት።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያ ጫጫታ ውስጥ ሰው ስንት ቁጥር ነው ሳይጥል የሚሻገረው?»

«አንድ አይጠፋውም።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ከሆነ ተራ የለው፣ ምኑ ይጠፋል?»

አክስት ዳቦዋን አነሳች። «እንግዲያው እኔ አንድ ነው የምይዘው» አለች።

በማግሥቱ አምስት ጎረቤት አስከትላ መጣች። አሰላለፉን ደረጃው ላይ ተለማምደውት ነበር። ከፊት ለፊት ፀጉር ሠሪዋ፣ ከሷ ቀጥሎ ልብስ ሰፊው፣ ቀጥሎ ጡረተኛው መምህር፣ ቀጥሎ አክስት፣ ቀጥሎ የታክሲ ሹፌሩ፣ መጨረሻ ላይ ከመሬት ወለል የሚኖሩት ባልቴት። የመጀመሪያው መስኮት ሴት አራት፣ ዘጠኝ፣ አንድ፣ ሰባት፣ ሁለት፣ ስድስት ስትል እያንዳንዱ የየራሱን ቀለበ። ፀጉር ሠሪዋ አራትን፣ ሰፊው ዘጠኝን፣ መምህሩ አንድን፣ አክስት ሰባትን፣ ሹፌሩ ሁለትን፣ ባልቴቷ ስድስትን። ከዚያ ተራቸውን ይዘው አዳራሹ ውስጥ ገቡ።

ዶክተሯ ከጠረጴዛዋ ሆና በዓይኗ ተከተለቻቸው። ከጣሪያው ምሰሶ ዘጠኝ ወረደ፤ ሰፊው ዘጠኝ የእሱ ስለሆነ ጭራሽ ተበረታታ። ምሰሶ አሥራ ሦስት ወረደ፤ ማንም አልተነቃነቀም። አንድ ሰው አንድ ቁጥር፤ የሚበተን ነገር የለም። ባሕር ማዶ ያሉት ፕሮፌሰሮቿ ይህንን ቢያዩ አዲስ ጽሑፍ ያወጡበት ነበር።

መስኮቱ ሲቃረብ ፀጉር ሠሪዋ ዘወር አለች። ከኋላዋ ሽማግሌ ቆመው እሷ ቀድማ ልትናገር ነው። ጥሩ አስተዳደግ ያላት ልጅ ናት። ፈቀቅ አለችና «ይለፉ መምህር» አለች። መምህሩ እንዴት ተደርጎ አሉ፤ እሷ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለች። መምህሩ ሲያልፉ ሰፊውም እኔስ ከማን አንሼ ብሎ ቦታውን ለአክስት ለቀቀ። መምህሩ ዘወር ሲሉ ባልቴቷን ከሁሉ ኋላ አይተው አፈሩ፤ በዕድሜ ከእሳቸው በታች ቢሆኑም ሴት ናቸውና ይቅደሙ አሉ፤ ባልቴቷ ግን ታላቄን አልቀድምም ብለው በክንዳቸው ገፋ አድርገው መለሷቸውና ሁለተኛ ሆኑ። ሹፌሩ ሰፊውን አስቀደመ። ፀጉር ሠሪዋ ሁሉንም አስቀድማ፣ ደስ ብሏት፣ መጨረሻ ቆመች። በዚያ ሁሉ ሽርጉድ አንድም ሰው አንድም ቁጥር አልጣለም።

«አንድ» አሉ መምህሩ በጠራ ድምፅ። «ስድስት» አሉ ባልቴቷ። «ሰባት» አለች አክስት። «ዘጠኝ» አለ ሰፊው። «ሁለት» አለ ሹፌሩ። «አራት» አለች ፀጉር ሠሪዋና ሊያጨበጭቡላት እንደሚገባ ሰው ፈገግ አለች።

ሠራተኛው ዓይኑን እንደጨፈነ አሰበ። «አይገጥምም» አለ።

 መጀመሪያ የገባት አክስት ናት። «ወይ ጉድ፣ ቁጥሩ በዕድሜ ተሰለፈ» አለችና ሳቋ መጣ። መስኮቱን ተደግፋ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ መምህሩም ከት ብለው ሳቁ፤ ስድስቱም ከጣሪያው ምሰሶ አሥራ አራት እየወረደባቸው ተያይዘው ሳቁ። ከዚያ ወደ ሥልጠና ተወሰዱ።

በዚያው ዕለት ዶክተሯ ከሥራ ስትመለስ አክስቷን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘቻት። ጀሪካኑ ተጋድሞ ውኃው ደረጃውን ሁሉ አርሶ ወርዷል። ጉልበቷ ዳቦ አክሏል። «አረፍ ብዬ ነው» አለች አክስት። አልሳቀችም። ዶክተሯ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ነካች፤ የለመደችውን ምክር መናገር ግን አፈረች።

ከዚህ በኋላ ነው የመላመድ ቀን የመጣው። የበላይ ኃላፊዎች መጥተው ሠራተኛውና ደንበኛው ንግግሩን ሙሉ በሙሉ እንደለመዱት በዓይናቸው እንዲያዩ ተወሰነ። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው በአካል ቆመው አሥራ ሰባቱን ምሰሶዎች ያሰማሉ፤ ወዲያው አንድ አርአያ ደንበኛ ቁጥር ተቀብላ አዳራሹን ትሻገራለች። አርአያዋን መምረጥ አልከበደም፤ የአክስትን ያህል የሠለጠነ አልነበረም። ዶክተሯ ጌታዬ አይሆንም፣ ትጥለዋለች አለች። «ዶክተር» አሏት ሥራ አስኪያጁ በርኅራኄ፣ «በሰው ላይ እምነት ይኑርዎት።» የመጨረሻውን መስኮት ሠራተኛ እንዲሁ ገጥሟል በል አላሉትም። ማጭበርበር አላሰቡም። እውነት ለምደውታል ብለው ያምኑ ነበር፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

እንግዶቹ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። መዳፋቸው ታጥቦ ገና አልደረቀም። ዶክተሯ ግድግዳው ላይ ካለው የድምፅ ማብሪያ ማጥፊያ አጠገብ ቆመች። የተቀረጸው ንግግር አልጠፋም፤ ለአንድም ቀን ጠፍቶ ስለማያውቅ እንዲጠፋ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«ምሰሶ አንድ፣ ቅንነት» አሉ።

«ምሰሶ ዘጠኝ፣ ቅንጅት» አለ ጣሪያው።

«ምሰሶ ሁለት፣ የቅን... የቅንጅት ክትትል።»

«ምሰሶ አሥር፣ የቅንጅት ጥራት» አለ ጣሪያው፣ በገዛ ድምፃቸው፣ ሳይቸኩል።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሦስት ሊሄዱ ሲሉ አሥራ አንድ ላይ አረፉ። ተመለሱ። አራትን ሁለቴ አሉት። ግንባራቸውን አላባቸው። ቀና ብለው ጣሪያውን እንደ ባላጋራ አዩት፤ ጣሪያው ምሰሶ አሥራ ሁለትን በእርጋታ አሰማ። «ምሰሶ...» አሉ፤ «ምሰሶ...» ሠራተኞቹ የጭብጨባዋ ቦታ የደረሰች መስሏቸው አጨበጨቡ። ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ወደ ዶክተሯ ዞሩና ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ወርደው «እባክሽ፣ ለአንድ አፍታ አጥፊልኝ» አሉ።

አጠፋችው።

ጸጥታው መጀመሪያ እንደ በሽታ ነበር። ሰዎች ጆሯቸውን ነካኩ። ከዚያ የጣሪያው ማራገቢያ ሲጥ ሲጥ እንደሚል ተሰማ። አዳራሹ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት እንዳለ ታወቀ። አንዱ ጥግ አንዲት ሴት «እኔ እኮ ምድጃ ላይ የተጣደ ትቼ ነው የመጣሁት» አለችና ብድግ ብላ ሮጠች።

በዚያች ቅጽበት አክስት መጀመሪያው መስኮት ላይ ነበረች። የመስኮቱ ሴት ንግግሩ ያለቀ መስሏት ቁጥሩን ነገረቻት፤ ሦስት፣ ስምንት፣ ዜሮ፣ አምስት፣ ሁለት፣ ሰባት። እያነከሰች መሻገር ጀመረች።

ለሥራ አስኪያጁ በጸጥታው ውስጥ ምሰሶዎቻቸው አንድ በአንድ ተመለሱላቸው። ፊታቸው በራ። ወደ ዶክተሯ እጃቸውን ከፍ አድርገው መልሽው የሚል ምልክት ሰጡ። ዶክተሯ ምልክቱን አየች። አክስቷ አዳራሹ መሀል ናት፤ ጉልበቷ ስለማይታጠፍ እግሯን እየጎተተች። ዶክተሯ ወንበሯን አሰበች፣ ሥራዋን አሰበች፣ ከዚያ ከመስኮቱ ውጪ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እንዳየ ሰው ፊቷን አዙራ ቆመች። ሥራ አስኪያጁ ደግመው ምልክት ሰጡ። እሷ ውጪውን አየች።

«ሦስት፣ ስምንት፣ ዜሮ፣ አምስት፣ ሁለት፣ ሰባት» አለች አክስት።

የመጨረሻው መስኮት ሠራተኛ ዓይኑን ገለጠ። ቡናማ ዓይን ነበረው፤ ብዙዎቹ ባልደረቦቹ ያን ቀን ነው ያወቁት። «ገጠመ» አለ። ራሱ የሰማውን ያላመነ ይመስል ደገመው። «እናቴ፣ ገጠመ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እንግዶቹም አጨበጨቡ። አክስት እስኪያበቃ ጠብቃ «እንግዲህ ውኃው መቼ ይመጣል?» አለች።

ሠራተኛው ወደ ግራ አየ፤ ወደ ቀኝ አየ።

«ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቀውም» አለ። «ገጥሞ አያውቅማ።»

አክስት ያ ሁሉ ሰው መጥቶ እንዴት አንድም አልገጠመም አለችው። ሠራተኛው የሚነገረውን ቁጥር እሱም እዚያው ንግግር ሥር እንደሚሰማው፣ ደንበኛው እስኪደርስ እሱም እንደሚጠፋበት ነገራት። ያልያዘውን ቁጥር ገጥሟል ማለት ደግሞ ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው፤ ስለዚህ ሁሌም አይገጥምም ይላል። ይህን ሲናገር አላፈረም። እንዲያውም ሕሊናው ንጹሕ ነበር።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ማንም ሊጠይቅ የሚገባውን ጠየቀ፤ ቧንቧውን ሄዶ የሚከፍተው ማን ነው? የመጀመሪያው መስኮት ሴት እንደምታስታውሰው ቧንቧ ሠራተኞች ነበሩ። አሁን በዚያ ጸጥታ ትዝ ይላታል፤ ሁሉም ወደ ሥልጠና ክፍል ተዛውረዋል። ከደረጃው አፍ ቆመው ያጨበጭቡ የነበሩት ትከሻ ሰፋፊ አሠልጣኞች አቀረቀሩ። አንደኛው ሻካራ እጁን አገላብጦ አየ፤ ድሮ ምን ይይዝበት እንደነበር ለማስታወስ የሚሞክር ይመስላል።

ሥራ አስኪያጁ ግን መሪ ናቸው፤ አቅጣጫ አስቀመጡ። ደንበኛዋ ቁጥሩን በአጭር መልእክት ወደ ግል ስልካቸው ይላኩ፤ ጉዳዩን ራሳቸው ይከታተሉታል። እንግዶቹ እፎይ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ወደ ግድግዳው ሄደው ማብሪያውን ተጫኑት።

«ምሰሶ አሥራ ሰባት» አለ ጣሪያው፣ «ጥያቄዎ በእኛ ዘንድ አይረሳም።»

ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። የመጨረሻው መስኮት ሠራተኛ ዓይኑን ጨፈነ።

አክስትና ዶክተሯ ወጥተው ስልካቸውን ከቅርጫቱ አነሱ። እዚያው በሩ ላይ ዶክተሯ ጻፈች፣ አክስት ነገረቻት። ቁጥሩን ሳታዛንፍ፣ ቀጥሎም፦ «ቁጥሩን ይዤ ተሻግሬአለሁ። ቀጥሎ ምን ላድርግ?»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰምተሽው» አለች ዶክተሯ፣ ጣቷ ስልኩ ላይ እንዳለ፣ «እውነት ትንሽ እንኳን አልለመድሽውም?»

አክስት ጉልበቷን እያሸች አሰበች። «ንግግሩን? እሱንስ አልለመድኩትም። ደረጃውን ነው የለመድኩት።»

ዶክተሯ መልእክቱን ላከችው።

እግራቸው ሥር፣ ቅርጫቱ ውስጥ፣ ከሌሎቹ ስልኮች ሁሉ በላይ የተቀመጠ አንድ የሚያምር ስልክ ጭር ጭር ብሎ በርቶ ጠፋ። ስፖንጅ ዝቅ ብሎ አየው። የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ያለ ባለቤቱ መንካት ግን ክልክል ነው፣ ለደኅንነት። ቀጣዩ ደንበኛ መዳፉን ዘርግቶ እየጠበቀው ስለነበር ስፖንጁን እስከ አፉ የሞላው ባልዲ ውስጥ ነከረ። አክስት ባልዲውን አየችው። ንጹሕ ውኃ ነበር።

ቁጥሩን አሁንም አልረሳችውም፤ ጀሪካኗን ይዛ ስትወጣ በየፎቁ አረፍ ባለች ቁጥር ትለዋለች። መልእክቱ ደርሷል ይላል። መልስ የለውም።